አማተር ማለት ጀማሪ ማለት አይደለም

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ሴቶች ጎልፍ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «አማተር» የሚለው ቃል «ጀማሪ» ተብሎ ተፈትቶ ባይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። በእኛ አገር አማተር ሲባል የቀበሌው የኪነት ቡድን ትዝ ስለሚለን፣ ገና እጁ ያልተፍታታ ሰው አድርገን እንወስደዋለን። በጎልፍ ግን ቃሉ ስለ ችሎታ ምንም አይናገርም። ለገንዘብ የማይጫወት ማለት ነው፤ በቃ።

ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ጠቅሷት ያለፈውን ቴግዌን ማቲውስን ልውሰድ። ከማግባቷ በፊት ቴግዌን ፐርኪንስ ትባል ነበር። የዌልስ የሴቶች አማተር ሻምፒዮን የነበረች ናት፤ በ1974 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት በከርቲስ ዋንጫ ስትሰለፍ ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ የዌልስ ሴት ሆነች። ከርቲስ ዋንጫ ከ1932 ጀምሮ የአሜሪካ ሴት አማተሮች ከታላቋ ብሪታንያና ከአየርላንድ ጥምር ቡድን ጋር የሚፋለሙበት ውድድር ነው። ጀማሪ እዚያ አይደርስም።

አራት ጊዜ ተሰለፈች፤ አራቱንም ጊዜ ቡድኗ ተሸነፈ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በነጥብ 13 ለ 5። በ1976 እንግሊዝ ውስጥ በሮያል ሊተም 11½ ለ 6½። በ1978 ኒው ዮርክ ላይ 12 ለ 6። የመጨረሻው ከሁሉም ያንገበግባል። በ1980 ውድድሩ ገዛ አገሯ ድረስ መጥቶ ቼፕስቶው አጠገብ በሚገኘው የሴንት ፒየር ሜዳ ሲካሄድ፣ በወገኖቿ ፊት እንደገና 13 ለ 5።

ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት በዚህ ውድድር ከነጠላ ግጥሚያዎች ሌላ ያለውን የጥንዶች ጨዋታ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ተጫዋቾች አንድን ኳስ እየተፈራረቁ ይመታሉ። አንዷ ኳሱን ረጅም ሣር ውስጥ ከቀረቀረችው፣ ከዚያ ፈልቅቃ የምታወጣው ጓደኛዋ ናት፤ እሷም ብትስት ዕዳው ተመልሶ ለመጀመሪያዋ ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ ዱላ ተሸክሜ ከተጫዋቾች ኋላ ስከተል፣ የተከበሩ ትልልቅ ሰዎች በእንዲህ ያለ ጨዋታ ተኮራርፈው ሲለያዩ በዓይኔ አይቻለሁ። ያውም ማንም በማያያቸው ሜዳ ላይ። ቴግዌንና ጓደኞቿ ያንን ጭንቀት የተሸከሙት ሕዝብ እያያቸው፣ ሳንቲም ሳይከፈላቸው ነው።

ከሴንት ፒየር 32 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ዱላ የማትይዝ አምበል ሆና ተመለሰች። አሜሪካውያኑ ዋንጫውን ሰባት ጊዜ በተከታታይ ወስደዋል። ሰሜን ስኮትላንድ፣ ኔርን ላይ የመጨረሻው ቀን ሲነጋ የእሷ ቡድን በአንድ ነጥብ ተመርቶ ነበር። የቀሩት ስምንት የነጠላ ግጥሚያዎች ብቻ ናቸው። ከተጫዋቾቿ መካከል የ16 ዓመቷ ቻርሊ ሃል ነበረች፤ የቴግዌን የአገሯ የዌልስ ልጅ ኤሚ ቦልደንም ነበረች። በዚያ ቀን ከስምንቱ ነጥብ አምስቱን ወሰዱ። ወሳኟን ነጥብ ስቴፋኒ ሜዶው አመጣች፤ ውጤቱም 10½ ለ 9½ ሆነ። ቡድኑ ከ16 ዓመት በኋላ ያገኘው ድል ነው፤ ለቴግዌን ደግሞ ከመጀመሪያው ሰልፏ 38 ዓመት በኋላ። በ2014 ሴንት ሉዊስ ላይ ቡድኑን እንደገና መርታ 13 ለ 7 ተሸንፋለች፤ ይህንንም አልደብቅም።

ቻርሊ ሃል ዛሬ በዓለም የታወቀች ባለሙያ ተጫዋች ናት፤ የእናንተም ገጽ ስሟን ያነሳል። ያን ጊዜ አማተር ነበረች። በኔርን ሜዳ ላይ ጀማሪ ነበረች ልንል ነው?

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ከተረፋችሁም የቴግዌንን አራት ሽንፈቶች ከነውጤታቸው አትሙልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ