ጤፍ በኪሎ የሚገዛ ሰው ከምኑ ይቆጥብ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤት ወጪ ቁጠባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ መሥሪያ ቤት ከባልደረቦቼ ጋር ተቀባብለን አነበብነው። ማኪያቶ ቀንሱ፣ ምሳ ከቤት ቋጥሩ፣ ታክሲ ትታችሁ በአውቶቡስ ሂዱ ይላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን እንደኔ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ማኪያቶውን ከተወው ቆይቷል፤ ምሳ ዕቃም ሳይዝ ከቤት አይወጣም። የእኛ ገንዘብ የሚያልቀው በሌላ በኩል ነው። ሰፈር ሱቅ መስኮት ሥር ቆመን ጤፍ በኪሎ፣ ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ከሰል በፌስታል ስንገዛ ያልቃል።

እኛ ቤት አምስት ነን። አንድ ኩንታል ጤፍ ሁለት ወር ገደማ ያቆየናል፤ በዓመት ስድስት ኩንታል ማለት ነው። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በችርቻሮውና በጅምላው መካከል በኪሎ 10 ብር ብቻ ልዩነት ቢኖር በኩንታል 1,000፣ በዓመት 6,000 ብር ይሆናል። ይህን ትርፍ የሚከፍለው ደግሞ ኩንታል መግዣ የሌለው ሰው ነው። ደመወዙ ሲወጣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ይቀድማሉ፣ የተረፈው ኩንታል አይገዛም፤ ስለዚህ ድሃው ያንኑ ጤፍ ከሀብታሙ አስወድዶ ይበላል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

እኛ ብሎክ ያለን ሴቶች ለዚህ የእህል ዕቁብ አቁመናል። ዕጣ የለውም። ከሰኔ ጀምሮ ደመወዝ በወጣ ቁጥር እንከፍላለን፤ ገንዘቡ ሦስት ሰው ካልፈረመ በማይወጣ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። የሚወጣው ጥር ላይ፣ አዲሱ ጤፍ ተወቅቶ ከተማ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ከመካከላችን እህል የሚያውቁት እህል በረንዳ ይወርዳሉ። የምንገዛው ሰርገኛ ነው እንጂ ማኛ አይደለም፤ ልጆቻችን በሰርገኛ እንጀራ ምንም አልጎደለባቸውም። ናሙናውን ከጆንያው አፍ ላይ አንወስድም፣ ከመሐል ነው የምንዘግነው። በመዳፍ አሽቶ እፍ ሲሉት ገለባው ይበናል፤ አፈር ካለው ግን ጤፉ ከእጅ ሲራገፍ መዳፍን አቆሽሾ ይቀራል። ኩንታሉ ውስጥ ብዙ ኪሎ አፈር ካለ የጅምላው ጥቅም እዚያው ጠፋ ማለት ስለሆነ፣ በዚህ ላይ ይሉኝታ የለንም፤ መዳፍ ያቆሸሸውን ትተን ወደሚቀጥለው ነጋዴ እንሄዳለን። ሁሉም በአንድ አይሱዙ ስለሚጫን የጭነቱም ዋጋ ይከፋፈላል።

"ያን ሁሉ እህል የት ታስቀምጡታላችሁ? አይነቅዝም?" የሚሉን አሉ። ጤፍን ፈጣሪ አሳንሶ የፈጠረው ለዚህም ይመስለኛል፤ ነቀዝ አይደፍረውም። ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርጎ በእንጨት ርብራብ ላይ ማሳረፍና ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ነው፣ እርጥበት ካልነካው ዓመቱን ይዘልቃል። የሚፈጨው ግን በየወሩ ይሁን፤ ዱቄት ሲቆይ ጣዕሙ ይለወጣል። ለሽሮ የሚሆነው አተርና ሽምብራ እንደ ጤፍ አይደለም፣ ቶሎ ይነቅዛል፤ እርሱን ብዙ አትግዙ። ስለ ሽንኩርትማ አላወራም።

ገንዘቡን ጤፍ ከምንገዛበት እዚያው ባንክ ብናቆየው ይሻላል የሚል ጎረቤትም ነበረን። የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ እንዴት እንደሮጠ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋልና፣ እኔ ከወለዱ ይልቅ ቤቴ የገባውን ጤፍ አምናለሁ።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ በላተኛው ነው፤ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱን ከፍ የሚያደርግ ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚሄደው መብራት አንድ እንጀራ አይጋግርም። ስለዚህ ከፊት ለፊት ጎረቤቴ ጋር ቀን ተማክረን፣ የእኔ ሊጥ ሲያልቅ የእርሷ በዚያው በጋለው ምጣድ ይቀጥላል። አንድ ሳምንት በእኔ ቆጣሪ፣ በሚቀጥለው በእርሷ። እንጀራ በነጠላ ከሱቅ ትገዛ የነበረች አንዲት ሠራተኛ ልጅም አሁን ከእኛ ጋር ትጋግራለች።

በአንዲት ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ሁሉ እንደማይመች አውቃለሁ። ኩንታሉን ለሁለት መካፈል ግን ይቻላል፤ እኛም ጋ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ የሚወስዱ አሉ። ትልቁ ችግር ጥር ላይ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ለበዓል የሚሰጡትን ብድር ለእህል መግዣ ቢያደርጉት አባሉ ዓመቱን ሙሉ ከችርቻሮ ይድናል። የሸማቾች ማኅበራትም ከመኸሩ በፊት ነዋሪውን መዝግበው በትእዛዝ ኩንታል ቢያስመጡ፣ ሰው ለጥቂት ኪሎ ብሎ ግማሽ ቀን ባልተሰለፈ።

ከእናንተ ከጋዜጦቹ የምለምነው ደግሞ አንድ ነገር ነው። የዶላርን ምንዛሪ በየጊዜው ታወጣላችሁ፤ ብዙዎቻችን ዶላር በእጃችን ነክተን አናውቅም። ከጎኑ የእህል በረንዳን የጤፍ፣ የስንዴና የበርበሬ የጅምላ ዋጋ በየሳምንቱ አትሙልን። ሰፈር ሱቅ ስንቆም ምን ያህል እየጨመርን እንደምንከፍል እናውቀዋለን፣ መቼ መግዛት እንዳለብንም ተማክረን እንወስናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስት ልጆች እናት፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም