ኩሬው አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ ውሃውን አትድፉት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ሰላም ጤና ይስጥልኝ።

ይሄን የምጽፈው ግቢያቸው ውስጥ የዓሣ ኩሬ ላላቸው ሰዎችና ዕቃውን ለሚሸጡላቸው ነጋዴዎች ነው፣ ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ፣ ከረዘመም ቆርጣችሁ አውጡት ግድ የለኝም። ሥራዬ ከካዛንቺስ እስከ ፒያሳ ባለው አካባቢ የፓምፕ፣ የፋውንቴንና የግቢ ኩሬ ጥገና ነው። ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ኩሬ ፋሽን ሆኗል፣ ካፌው በሉት ገስት ሀውሱ፣ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አንዲት ትንሽ ኩሬ ከነቀይ ዓሣዋ ከሌለችው የጎደለው ይመስለዋል። ይሁን፣ እኔም እንጀራ እበላበታለሁ። የሚያናድደኝ ግን ውሃው አረንጓዴ በሆነ ቁጥር ፓምፕ ከተው ሙሉውን ወደ ቱቦ ይለቁታል፣ ገንዳውን በበረኪናና በብሩሽ ይፈገፍጉታል፣ ከዛ እንደገና ይሞሉታል። ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጎረቤት ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን በሚሞላበት፣ አንዳንዱም በቦቴ አስመጥቶ። በሁለት በሦስት ሳምንት ደግሞ ተመልሶ ጎመን ይመስላል።

መመለሱ አይቀርም እኮ፣ ምክንያቱም ያ አረንጓዴ ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ በዓይን ለብቻ የማይታይ አንድ ሴል ብቻ ያለው ተንሳፋፊ አልጌ። ቢሾፍቱ የሄደ ሰው አረንጓዴ የሚባለውን ሐይቅ ያውቀዋል፣ እሱን ያቀለመው ስፒሩሊና የሚባለው ነው፣ ቆቃን የሚያስቸግረው ደግሞ ማይክሮሲስቲስ የሚባል መርዝ ማመንጨት የሚችል ሌላ ዓይነት። የግቢያችን ኩሬ እነሱን አይመስልም፣ ግን ነገሩ ያው ነው፣ ፀሐይና ምግብ ካገኘ ይባዛል። ፀሐይ በኛ ከተማ አይጠፋም፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የሚወርደው ፀሐይ ቀላል አይደለም። ምግቡ ደግሞ ከዓሣው ኩስ፣ ከተረፈው መኖ፣ ኩሬው ላይ ከሚረግፈው የጃካራንዳ አበባና ቅጠል ይመጣል፣ ደንበኛ ሁሉ ቡናውን እየጠጣ ከሚወረውረው የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ ደግሞ ይብሳል። ይሄ ሁሉ በስብሶ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል፣ አልጌ ደግሞ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ገንዳውን በበረኪና ስትፈገፍጉት የዓሣውን ሽንት የሚያጣሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አብረው ይሞታሉ፣ አዲሱ ውሃ ላይ አልጌው ከማንም ቀድሞ ይነሳል፣ ዓሣውም በክሎሪኑ ይጎዳል። ውሃ መጨመር ግድ ከሆነ እንኳን ሮቶ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ቢያድር ይሻላል እንጂ በቀጥታ ከቧንቧ አይሆንም።

እንግዲህ ውሃው ሳይደፋ አልጌውን የሚገድለው፣ ዩቪ (አልትራቫዮሌት፣ በዓይን የማይታይ ጨረር) የሚባለው መብራት እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ስሙን ሰምቷል፣ ገዝቶም ያስገጠመ አለ፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን የሚነግረው የለም። ዕቃው ማለት አንድ ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ውስጡ የኳርትዝ መስታወት አለ፣ ኳርትዙ ውስጥ ደግሞ ላምፑ። ላምፑ ከቢሮ ፍሎረሰንት ጋር ወንድማማች ነው፣ ሁለቱም ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ ልዩነቱ ፍሎረሰንቱ ውስጡ ነጭ ዱቄት ተቀብቶ ጨረሩን ወደ ሚታይ ብርሃን ይቀይረዋል፣ ይሄኛው ሳይቀየር 254 ናኖ ሜትር በሚባል የሞገድ ርዝመት ላይ እንዳለ ያወጣዋል። ፓምፑ የኩሬውን ውሃ ገፍቶ በኳርትዙ ዙሪያ ያሳልፈዋል፣ ጨረሩ የአልጌውን ዲኤንኤ ይመታዋል፣ የተመታው አልጌ መባዛት ያቅተዋል፣ የሞቱት ደግሞ እርስ በርስ እየተጣበቁ ትንንሽ ጓል ይሆናሉ። ኳርትዝ የሆነበት ምክንያት ተራ መስታወት ይሄን ጨረር ስለማያሳልፍ ነው። ኳርትዙ ተሰብሮበት መስታወት ቆራጭ ጋ ሄዶ በተራ መስታወት ያስተካ ሰው ገጥሞኛል፣ መብራቱ ይበራል፣ ውሃውም ያልፋል፣ አልጌው ግን ምንም አልነካውም።

አሁን ዋናውን ልበል። ዩቪው አልጌውን ከውሃው ውስጥ አያወጣም። የሚያወጣው ፊልተሩ ነው። ስፖንጅ ወይም ብሩሽ ያለው ፊልተር ከሌለ የሞተው አልጌ እዛው ኩሬው ውስጥ ይዘቅጣል፣ ይበሰብሳል፣ ተመልሶ ለቀጣዩ አልጌ ቀለብ ይሆናል። ሻጮቹ ግን ላምፑን ብቻ ያስይዙህና ይሸኙሃል፣ ስለ ፊልተር ትንፍሽ አይሉም፣ ገዢውም ወር ጠብቆ ምንም ለውጥ ሲያጣ «የቻይና ዕቃ» ብሎ ይጥለዋል። ምስኪን ቻይና፣ ዕቃው ምንም አልሆነ እኮ። ፊልተር ካለው፣ መጠኑም ከተመጣጠነ፣ ቀን ከሌት ከሠራ በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ የኩሬው ወለል ሲታይ ታያላችሁ። ስፖንጁን ግን በነዚያ ቀናት ቶሎ ቶሎ ማጠብ ነው፣ አረንጓዴ አጥሚት የመሰለ ነገር ነው የሚወጣው፣ ሲታጠብ ደግሞ በራሱ በኩሬው ውሃ በባልዲ ይሁን፣ የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። ያንን እጣቢ አበባ ሥር ድፉት፣ ምርጥ ማዳበሪያ ነው።

መጠኑን በተመለከተ አምራቾች የሚሉት ይለያያል፣ እኔ የምሄድበት ዓሣ ላለው ኩሬ ለአንድ ሺህ ሊትር ከ2 እስከ 3 ዋት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ከፍ አድርጉት። ፓምፑ የኩሬውን ውሃ ሁሉ በሁለት ሰዓት አንዴ ቢያዞር ይበቃል። አንዳንዱ ትልቅ ፓምፕ ሲገጥም የተሻለ ይመስለዋል፣ ውሃው በላምፑ ፊት እየሮጠ ካለፈ ግን ጨረሩ ጊዜ አያገኝም፣ ኃይለኛ ፓምፕ ካላችሁ በቫልቭ ከፍላችሁ ግማሹን ብቻ በዩቪው አሳልፉ። የመብራት ሒሳብ የሚፈራ ደግሞ አለ፣ ባለ 18 ዋት ላምፕ ወሩን ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚበላው፣ ባለ 60 ዋቱ ፓምፕ ነው 43 የሚደርሰው፣ ስለዚህ ለመቆጠብ ብሎ ማታ ማታ ዩቪውን የሚያጠፋ ሰው የሚቆጥበው ይሄ ነው የሚባል አይደለም።

አንድ ቀን ካዛንቺስ አንድ ሽማግሌ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይበራል ግን አይሠራም» አሉኝ። እውነትም በቱቦው መጋጠሚያ በኩል ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። «ጋሼ፣ ላምፑ መቼ ነው የተቀየረው?» አልኳቸው። «ኧረ ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልነካውም፣ ይኸው በርቷል አይደል እንዴ!» ከሶኬት ነቅዬ ስፈታው ኳርትዙ ላይ ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ተጋግሯል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ዓይነት፣ በሱ ላይ ቡናማ የሚያዳልጥ ነገር። አቼቶ በጨርቅ አድርጌ ትንሽ አቆየሁበትና ለቀቀ፣ ላምፑም ተቀየረ፣ ጋሼ ኋላ ደውለው ዓሣዎቹን አየኋቸው አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የምናየው ሰማያዊ ብርሃን ሥራውን የሚሠራው ጨረር አይደለም፣ ዋናው ጨረር በዓይን አይታይም። ላምፑ እየቆየ ሲሄድ ሰማያዊው እንዳለ ሆኖ ጨረሩ ይደክማል። ብዙዎቹ ላምፖች ዕድሜያቸው 9,000 ሰዓት ገደማ ነው፣ ያለማቋረጥ ከሠራ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። መስከረም ገብቶ ፀሐዩ ሳይበረታ ብትቀይሩት ጥሩ ነው፣ ላምፑ አዲስ እያለ ነው ከባዱን ጊዜ የሚያገኘው።

ገበያው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ወይን ጠጅ መብራት ሁሉ ዩቪ ይባላል፣ የጭፈራ ቤት መብራት፣ የብር ኖት መመርመሪያ፣ ሁሉም ዩቪ ነው። እነሱ 365፣ 395 ናኖ ሜትር ምናምን ናቸው፣ ለኩሬ አይሆኑም። ካርቶኑ ላይ 254 የሚል ወይም ዩቪ ሲ (UV-C) የሚል ፈልጉ። ከዚህ የባሰው ግን በ2012 በኮሮና ጊዜ የገባውን ለክፍል ማጽጃ የሚሆን ላምፕ ባዶውን ከኩሬው በላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ጨረሩ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ሕመሙ ደግሞ ወዲያው አይሰማም፣ ከሰዓታት በኋላ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ስትፈቱትም መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ፣ በርቶ እንደሆነ ልይ ብሎ ወደ ውስጥ ማየት የለም። ውሃና 220 ቮልት አንድ ላይ ስለሆኑ ኧርዝ የሌለው ግቢ ውስጥ እኔ ዩቪ አልገጥምም፣ ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ይቺን ሞክሩ፣ ከኩሬው በንጹህ ብርጭቆ ቅዱና አሳድሩት። ጠዋት ውሃው እንዳለ ሁሉም ቦታ እኩል አረንጓዴ ከሆነ ተንሳፋፊ አልጌ ነው፣ ዩቪ ግዙ። ከታች ቡናማ ዝቃጭ ተቀምጦ ከላይ ከጠራ አፈር ነው፣ ክረምት ላይ ከግቢው የሚገባ ጎርፍ እንዲህ ያደርጋል፣ ለሱ ዩቪ ምንም አያደርግም፣ ጎርፉን ማገድ ነው። ድንጋይ ላይ እንደ ፀጉር የሚበቅለውንም አይነካውም፣ ወደ ላምፑ ሄዶ አያልፍማ። እሱን በእጅ ወይም በዱላ ጠቅልሎ ማውጣት ነው።

መብራት ሲሄድስ? ይሄ የኛ አገር ጥያቄ ነው፣ ከውጭ በሚመጣው መመሪያ ላይ አይገኝም። ፓምፑና ዩቪው ከአንድ ሶኬት ይሁኑ፣ አብረው ይጥፉ አብረው ይነሱ፣ ፓምፑ ቆሞ ላምፑ ብቻ ቢበራ ቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ ይሞቃል። መብራቱ ግማሽ ቀን ጠፍቶ ከቆየ ፊልተሩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅን አጥቶ መሞት ይጀምራል፣ ሲመጣ የፊልተሩን ውሃ አፍስሳችሁ እንጂ እንዳለ ወደ ኩሬው አትልቀቁት። አንድ ካፌ ዘበኛው ሊነጋጋ ሲል ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ አይቶ ራባቸው ብሎ ዳቦ ጨመረላቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው እኮ ነው! አልጌ ቀን ኦክስጅን ያወጣል፣ ሌሊት ግን መልሶ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ አረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ካለ እኩል ሙቀት ካለው ውሃ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ዩቪው አልጌውን መግደል ሲጀምርም የሚበሰብሰው ኦክስጅን ይበላል፣ እነዚያን ቀናት ፋውንቴኑ ወይም የአየር ፓምፑ ሌሊትም አይቁም።

ዓሣው ከበዛ፣ ፍርፋሪው ካልቆመ፣ ጥላ ከሌለ ላምፑ ብቻውን ዕድሜ ልኩን ሲታገል ነው የሚኖረው። የውሃ ሊሊ ትከሉ፣ ቅጠሉ የውሃውን ግማሽ ያህል ቢሸፍን አልጌው ፀሐይ ያጣል። ግን እባካችሁ «ቶሎ ይበዛል፣ ውሃ ያጠራል» ተብሎ የሚሰጣችሁን ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል አትቀበሉ፣ እምቦጭ ነው። ጣናን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስለቀሰው፣ ቆቃና አዋሽ ላይ ደግሞ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው እሱው ነው። ኩሬው ክረምት ላይ ሞልቶ ሲፈስ አንዷ ቅጥያ ወንዝ ከገባች ማን ይመልሳታል።

ለሻጮች ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። ላምፑ ላይ የሚሠራበትን ሰዓት በአማርኛ ጻፉልን፣ ለስንት ሊትር እንደሚሆንም፣ ፊልተር እንደሚያስፈልገውም ጨምሩበት። ያረጀውንም ላምፕ መልሳችሁ ተቀበሉ። ውስጡ ሜርኩሪ አለ ብያለሁ፣ እኔ ቤት በካርቶን ተጠቅልሎ የተጠራቀመ አለ፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ልጣለው ብል የሚሰበረው ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች እጅ ላይ ነው። የሚቀበል ቦታ የምታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልኝ፣ እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ
የፓምፕና የኩሬ ጥገና ሠራተኛ፣ ከካዛንቺስ