እማዬ፣ የድድሽ ነገር

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ትናንት ስንደዋወል «ድዴ ትንሽ ይደማል እንጂ ደህና ነኝ» ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም እሱን ሳስብ አመሸሁ። በስልክ ስነግርሽ ቶሎ «እሺ፣ እሺ» ስለምትይኝ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ባለፈው ያየነው የላብራቶሪ ውጤት ኩላሊትሽ የማጣራት አቅሙ 52 ነው ይላል። ይህ ቁጥር ከ60 በታች ወርዶ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ኩላሊት ተዳክሟል ማለት ነው። ያንቺ አምናም ከ60 በታች ነበር። አንቺ «ስኳሩ ነው፣ እርጅናም አለ» አልሽ። ስኳሩስ እውነት ነው። ግን ስኳር ኩላሊትን ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ብግነት መሆኑን ማንም አልነገረሽም።

ጣትሽን ቢላ ሲቆርጥሽ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ሰውነትሽ ሊጠግነው ተሯሩጦ ነው፤ ብግነት የሚባለው ይሄ ነው። ቁስሉ ሲድን ነገሩ ይበርዳል። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ላይ ግን ሳይበርድ ይከርማል፤ አመድ እንደለበሰ ፍም ውስጥ ውስጡን ይነዳል። እያንዳንዱ ኩላሊት 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ብግነቱ ሲቆይባቸው ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳነት ይለወጣሉ። ጠባሳ ደም አያጣራም። ኩላሊቱ ሲደክም ደግሞ መውጣት የነበረበት ቆሻሻ ደም ውስጥ ይቀርና ብግነቱን ያባብሰዋል። ይሄ ሁሉ ሲሆን አያምሽም እማዬ። «ኩላሊቴን አሞኝ አያውቅም» የምትይው ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ።

ደምሽ አልጨምር ያለውም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ብግነት ሲኖር ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል። እሱ ሰውነት ያጠራቀመውን ብረት ይቆልፍበታል፤ ከአንጀት የሚገባውንም ይቀንሳል። ብረት ጀርሞች እንዳያገኙት የሚደበቅ ሀብት ነው። የደከመ ኩላሊት ደግሞ ደም እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን ያንሰዋል። ስለዚህ የብረት እንክብሉን በሰዓቱ እየዋጥሽም ድካሙ ላይለቅሽ ይችላል። ስንፍና አይደለም፤ «ሰነፍኩ» አትበይ። ሐኪምሽን ስለዚህ ጉዳይ ጠይቂያት።

አሁን ወደ ድድሽ። የሚደማና የሚያብጥ ድድ ክፍት ቁስል ነው። በየቀኑ ባክቴሪያውም ብግነቱ የሚያመነጨው ነገርም ወደ ደም ይገባል። የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ የኩላሊት ድካም በብዛት ይታያል። ድድና ስኳርም አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ድዱ ሲታከም ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ምልክት ደም ውስጥ ይቀንሳል፣ ስኳሩም ትንሽ ሻል ይላል። ድድ ታክሞ ኩላሊት ይድናል እያልኩሽ አይደለም። ግን ፍሙን ከሚያራግቡት ነገሮች አንዱን ማጥፋት እንችላለን፤ ይሄኛው ደግሞ በእጃችን ነው።

ሌላው የጉልበትሽ መድኃኒት ነው። ዳይክሎፌናክ ብግነት የሚያጠፋ ከሆነ ለኩላሊትም ይበጃል ብለሽ ታስቢ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጉልበትሽን ያስታግስልሽና ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ከግፊት መድኃኒትሽ ከኢናላፕሪል ጋር ሲሆን ይብሳል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ኢናላፕሪሉን ግን እንዳታቋርጪ፣ እሱ ኩላሊትሽን እየጠበቀልሽ ነው። ለጉልበትሽ ምን እንደሚሻል ከሐኪምሽ ጋር እንመካከራለን።

ሐሙስ ለጥርስ እጥበት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። ከዚያ ሽንትሽ ውስጥ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን መኖሩን እናስመረምራለን። የማጣሪያው መጎዳት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። እስከዚያ ዳይክሎፌናኩን ከቦርሳሽ አውጪልኝ። ጉልበትሽ ማታ ቢነሳብሽ፣ ስንት ሰዓትም ቢሆን ደውይልኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ