ደብዳቤ ለልጄ፦ መጀመሪያ እስሩ ይፈታ

ውድ ልጄ፣

«እማዬ፣ ዶክተሩ ቲዩበረስ ብሬስት ይባላል አለኝ» ስትይኝ ድምፅሽ ዝቅ አለብኝ። ቤት ውስጥ ሰው ስለነበረ እንደልቤ ማውራት አልቻልኩም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ብዙ ዓመት ኦፕሬሽን ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝና እንደ እናትም እንደ ባለሙያም ነው የማወራሽ።

ከሁሉ በፊት፣ ይሄ በሽታ አይደለም። ወደ ካንሰር የሚለወጥ ነገርም አይደለም። አንቺ ስላደረግሽው ወይም ስላላደረግሽው የመጣ አይደለም። ጡት ማደግ ሲጀምር የሚታይ የአፈጣጠር ልዩነት ነው። ሪስ እና አስተን የሚባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 በዚህ ስም ጽፈውበታል። ከዚያ ወዲህ ለማስተካከል ብዙ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ተሞክሯል። ብቻዬን ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ፣ ሆዴ። ብዙ ሴት ስሙን እንኳን ሳትሰማ ከሰው ፊት ልብስ ላለመቀየር ስትሸሽ ትኖራለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያየሽው የመጀመሪያው ሐኪም ስለ ኢምፕላንት፣ ጡት ውስጥ ስለሚገባው ሰው ሠራሽ ከረጢት፣ መጠን ብቻ አወራኝ ብለሻል። ስንት ሲሲ (ሚሊ ሊትር) ይሁን፣ ክብ ይሁን አይሁን፣ ይሄው ነው። ይሄ አሳስቦኛል። ያንቺ ጉዳይ ጡት ማነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ አልጨነቅም ነበር። ግን ያንቺ ችግር ቅርፁ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጡቱ መሠረት ጠባብ ነው። የታችኛው ክፍል ቆዳውም ውስጡም ያንሳል። ከጡት ሥር ያለው እጥፋት ከተለመደው ቦታ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ውስጥ ደግሞ ጠንከር ያለ፣ እንደ ቀለበት የሚያጠብቅ ሽፋን አለ። ጡቱ ወደ ታችና ወደ ጎን መስፋት ሲያቅተው መውጫ ይፈልጋል። ያገኘው ክፍት ቦታ በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ በኩል ነው። ክቡ የሚሰፋውና ወደ ፊት የሚገፋው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ጡት ከሌላው ይለያል፤ አንቺም እንደዚያ ነሽ።

ወገቡ ላይ የታሰረ ከረጢት አስቢ። እህል ብትጨምሪበት ከእስሩ በላይና በታች ይቆዘራል እንጂ እስሩ ያው ነው። ጠባቡ ሳይፈታ ኢምፕላንት ብቻ ሲገባም እንደዚያ ይሆናል። የድሮው እጥፋት እንደ መስመር ይቀርና ከሥሩ ሁለተኛ እብጠት ይወጣል። ዶክተሮቹ «ደብል በብል» ይሉታል። ያንን ለማስተካከል እንደገና ቢላ ሥር መግባት ነው። ስለዚህ ሐኪሙን መጀመሪያ የምትጠይቂው «ስንት ሲሲ?» ብለሽ አይደለም። «ጠባቡን እንዴት ነው የምትፈታው? እጥፋቱንስ እንዴት ነው የምታወርደው?» በይው። አጥርቶ ካልመለሰልሽ አመስግነሽ ውጪ።

ደረጃውንም ጠይቂ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት፣ ግሮሎ በሚባል ሐኪም ስም የሚጠራው አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ነው፤ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው የጎደለው ወደ መሃል ደረት የሚያየው የታችኛው ሩብ ብቻ ነው። በሁለተኛው የታችኛው ክፍል በሙሉ ያንሳል። በሦስተኛው ዙሪያውን ጠባብ ነው። ግራና ቀኝሽ የተለያየ ደረጃ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ የሚያቅድልሽን አትመኚው።

መፍታቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በጠቆረው ክብ ጠርዝ ዙሪያ በሚከፈት ስንጥቅ ነው። በዚያ ገብተው ጠባቡን ቀለበት ይቆርጣሉ። የጡቱን ውስጥ ከሥር በኩል እየሰነጣጠቁ እንዲዘረጋ ያደርጋሉ፤ ወይም ከራሱ ከጡቱ ሥጋ አንድ ክፍል አዙረው ባዶውን ታች ይሞሉበታል። እጥፋቱን ወደ ታች ያወርዳሉ። የሰፋውን ክብ ደግሞ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያጠቡታል። በቂ ሥጋ ላላት ሴት ይሄ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ምንም ባዕድ ነገር ሳይገባ ማለት ነው። ላንቺ ይበቃ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂ። አንዳንድ ሐኪም ካልተጠየቀ አያነሳውም።

ካልበቃ መሙላት ይመጣል። አንዱ መንገድ ኢምፕላንት ነው። ፈጣን ነው፣ ቅርፁም ቶሎ ይታያል። ግን ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፤ አንድ ቀን ሊቀየር ወይም ሊወጣ እንደሚችል ይዘሽ ግቢ። በዙሪያው የሚሠራው ጠባሳ ሊጠነክርና ሊያሳምም ይችላል። ሊቀደድም ይችላል። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለውበት የሚገባ የሲሊኮን ኢምፕላንት የሚፈቅደው ከ22 ዓመት ጀምሮ ነው፤ አንቺ አልፈሻል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሁሉም የጡት ኢምፕላንት ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ይዞ እንዲሸጥ አድርጓል። ሲሊኮን ያላት ሴት ካስገባች በኋላ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ እንድትነሳ ይመክራል። ከዚያ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ። ይሄን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ከአሁኑ አስቢበት።

የላዩ ሻካራ የሆነውን ዓይነት በተመለከተ ደግሞ ከኢምፕላንት ጋር የተያያዘ ያልተለመደ የሊምፎማ ካንሰር ታይቷል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 አለርጋን የሚባለው አምራች ኩባንያ ባዮሴል የሚባለውን ሻካራ ኢምፕላንት ከገበያ ሰብስቧል። ኢምፕላንት ካስገባሽ በሚሰጥሽ ካርድ ላይ የሚጻፈውን ዓይነትና ቁጥር አስቀምጪ። እኔም ጋ አንድ ኮፒ ይኑር።

ቆዳው በጣም አጥሮ ከሆነ መጀመሪያ ማስፊያ፣ ቀስ በቀስ የሚሞላ እንደ ፊኛ ያለ ከረጢት፣ ያስገባሉ። በየጊዜው በመርፌ የጨው ውሃ እየተጨመረበት ቆዳው በወራት ውስጥ ይለጠጣል። ከዚያ በሁለተኛ ኦፕሬሽን በቋሚው ይቀየራል። አድካሚ ነው፤ ግን ለከባዱ ደረጃ ዋጋ አለው።

ሌላው ከሆድ ወይም ከጭን ስብ ወስዶ እዚያ መርጨት ነው። የራስሽ አካል ስለሆነ ደስ ይለኛል። ጠርዙን ለማለስለስና ሁለቱን ለማቀራረብ ጥሩ ነው። የሚረጨው ስብ ግን ሁሉም አይቀርም። ከፊሉን ሰውነት መልሶ ይመጠዋል። ስለዚህ ደጋግሞ መግባት ሊያስፈልግ ይችላል። አንቺ ደግሞ ቀጭን ነሽ፤ የሚወሰደው ስብ መኖሩን መጀመሪያ ይዩልሽ። የሞተ ስብ ጠጣር እብጠት ወይም ዘይት ያለው ከረጢት ሊሆን ይችላል። በማሞግራም (በጡት ራጅ) ላይም ነጠብጣብ ሊያሳይ ይችላል። ወደፊት ምርመራ ስታደርጊ ቀዶ ሕክምና እንዳደረግሽ ሳትነግሪ እንዳትነሺ።

ስለ ጠባሳ አንድ ነገር። የአክስትሽን ጆሮ ታውቂያለሽ። ስትበሳው ያበጠባት እስከ ዛሬ አልጠፋም። ኬሎይድ በቤተሰባችን አለ። በጠቆረው ክብ ጠርዝ የሚሠራ ስፌት ብዙ ጊዜ ደህና ይድናል፤ ቢሆንም ይሄን ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው። እንደኛ ዓይነት ቆዳ ላይ የሠራቸውን ፎቶዎችም እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሱትን እንጂ ገና ስፌቱ ሳይደርቅ የተነሱትን አይደለም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ላንሳ። ስለ ጡት ማጥባት ነው። አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጡት ውስጥ ወተት የሚሠራው ክፍል ራሱ ያነሰ ነው። አንዳንዷ እናት በደንብ ታጠባለች፣ ሌላዋ አይሞላላትም። ኦፕሬሽኑ ቅርፅ ያስተካክላል እንጂ ወተት አይጨምርም። እንዲያውም በክቡ ዙሪያ መቆረጡና ውስጡ መሰነጣጠቁ የወተት ቧንቧና ነርቭ ሊነካ ይችላል። የጡት ጫፍ ስሜትም ሊቀንስ ይችላል።

ይሄን የምነግርሽ የኛን ሰው ስለማውቅ ነው። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ጡትሽ ሞላ?» ይላል። «አጥሚት በደንብ ጠጪ» ይላል። ወተቱ የማይመጣው ሴትዮዋ ስላልበላች ይመስለዋል። ስንት አራስ በዚህ ስታለቅስ አይቻለሁ! አንቺ እንደዚያ እንድትሆኚ አልፈልግም። ቀን ከመጣና ካልሞላ፣ ከፊሉን ታጠቢያለሽ፣ የጎደለውን በፎርሙላ ወተት ትሞያለሽ። ልጅሽ ያድጋል። አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ለኔ ተዪው።

«እስክትወልጂ ጠብቂ» የሚሉሽም ይኖራሉ። እርግዝና ቅርፁን መልሶ ሊቀይረው ስለሚችል ሐሳቡ ባዶ አይደለም። በኔ አስተያየት ግን፣ በቅርቡ ለመውለድ ካሰብሽ ጠብቂ። ካላሰብሽ ገና ላልታወቀ ቀን ብለሽ የወጣትነት ዓመቶችሽን ተደብቀሽ አትጨርሺ። ምንም ላለማድረግ ከወሰንሽም ደስ ይለኛል፤ የሚመች ጡት መያዣ ፈልገሽ እንደዚሁ መኖርም ይቻላል። ብቻ ውሳኔው ያንቺ ይሁን። የእጮኛሽ እንዳይሆን፣ የጓደኛሽም፣ የኔም።

ወደ አገር ቤት መጥተሽ ወይም ቱርክ ሄደሽ በርካሽ ስለማሠራት ያልሽውን አስቤበታለሁ። እዚህ ያሉት ፕላስቲክ ሰርጀኖች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ጥቂት ናቸው። ቃጠሎውና የተሰነጠቀው ከንፈር ፋታ አይሰጣቸውም፤ የካቲት 12 ሆስፒታል ሄደሽ ብታዪ ይገባሻል። ቱርክ ብትሄጂ ደግሞ ችግር ቢፈጠር የሠራሽ ሰው ባሕር ማዶ ነው። ይሄ ሥራ ሁለተኛ ዙር ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ የሠራሽ ሐኪም በመኪና የምትደርሺበት ቦታ ቢሆን እመርጣለሁ።

ኢንሹራንሱ «የውበት ነው» ብሎ ሊመልስሽ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይላሉ። ሐኪሙ ከአፈጣጠር የመጣ ጉድለት መሆኑን ከፎቶና ከደረጃው ጋር እንዲጽፍልሽ አድርጊ። መልሱንም በጽሑፍ ጠይቂ። እምቢ ቢሉ ይግባኝ በዪ። አንድ ጊዜ እምቢ ስላሉ እንዳትተዪው።

ቀኑ ከተቆረጠ ሲጋራ ቀርቶ ሺሻም ከሳምንታት በፊት ይቁም። ስፌት እንዳይድን ያደርጋል። ሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሰጡሽ፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመልሳሉ። ለሳምንታት ከባድ ነገር አታነሺም፣ ደጋፊ ጡት መያዣ አታወልቂም። መጀመሪያ ላይ ያበጠና ከፍ ያለ ይመስላል፤ አትደንግጪ። የመጨረሻው ቅርፅ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ አንዱ በድንገት ካበጠ ወይም ከቀላ ግን እኔን ከመጥራትሽ በፊት ሐኪሙን ጥሪ።

ለሁለተኛው ሐኪም ቀጠሮ ስትይዢ ሰዓቱን ላኪልኝ። በቪዲዮ እኔም ልግባ። እንግሊዝኛውን በፍጥነት ካወሩት ጻፍ ጻፍ አድርጊልኝና በኋላ አብረን እናየዋለን። ጠባቡን እንዴት እንደሚፈታ ሲያስረዳ ግን በራሴ ጆሮ መስማት እፈልጋለሁ።

እናትሽ