ስካነሩ አይወስንልህ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ደብዛዬ ጠፋብህ አይደል? ሰበብ አልደረድርም። አንተም ብትሆን አልፈለግኸኝም፤ እኩል ነን።

የፊልም ስካነር ገዝተህ የድሮ ኔጌቲቮችህን (ቀለማቸው ተገልብጦ የሚታየውን ፊልሞች) ስካን ማድረግ እንደጀመርክ፣ ቀለሙም አልገራ እንዳለህ ሰማሁ። ዕቃው አይደለም ችግሩ፤ ሶፍትዌሩ ነው ያላዘዝከውን የሚያሳምርልህ። በራሱ ኮንትራስት ይጨምርና ደማቁንና ጥቁሩን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ደግሞ በኋላ ቢለፉበት አይመለስም። ስለዚህ አውቶ የሚለውን ሁሉ አጥፋ። ምስሉን የሚያሾለውን ሻርፕ ማድረጊያውንም። ቩስካን በሚባለው የስካነር ሶፍትዌር ላይ ከሆንክ ሮው ፋይል (ሶፍትዌሩ ያልነካካው ጥሬ ፋይል) የሚለውን ምረጥና ብዙ የቀለም ዝርዝር በሚይዘው በ48 ቢት አስቀምጥ። የሚወጣው ፋይል ያልተገለበጠ፣ ብርቱካናማና ፈዛዛ ነገር ነው። አስቀያሚ ነው፤ አትደንግጥ። ቀለሙን በኋላ ራስህ ታወጣዋለህ።

ዋናው ጉዳይ ኤክስፖዠሩ፣ ማለትም ስካነሩ የሚቀበለው የብርሃን መጠን ነው። ኔጌቲቭ ላይ ብርሃን በብዛት የሚያልፈው ምንም ካልተነሳበት ቦታ ነው፤ በሁለት ፍሬሞች (ፎቶዎች) መካከል ያለችውን ባዶ ክፍተት ተመልከት። እሷን ስካን አድርግና ሂስቶግራሙን፣ ጨለማውን በግራ ብርሃኑን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ፣ እይ። የክፍተቷ ብርሃን ወደ ቀኝ ጠርዝ ይጠጋ እንጂ ጠርዙን እንዳይነካ። በፊልሙ ብርቱካናማ መደብ ምክንያት ቀዩ ቀድሞ ይሞላል፣ ሰማያዊው ወደኋላ ይቀራል። ስካነርህ ለየቀለሙ ኤክስፖዠር የሚፈቅድ ከሆነ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ከፍ አድርግ። ከዚያ ኤክስፖዠሩን ቆልፈው፤ ጥቅሉ እስኪያልቅ አትንካ። እንዲህ ካደረግህ የአንዱ ፍሬም የቀለም ማስተካከያ ለሌላውም ይሠራል። በየፍሬሙ መታገል ቀረልህ ማለት ነው።

ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) አትታለል። በተለይ ጠፍጣፋዎቹ ስካነሮች 6400 ቢሉም እውነተኛው ዝርዝር ከዚያ በብዙ ያንሳል። የ35 ሚሊሜትር ፍሬም በ4000 ዲፒአይ 21 ሜጋፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ይበቃሃል።

አቧራውን በእጅ ፓምፕ አራግፍ፤ በአፍህ እፍ አትበል፣ ምራቅ ይረጫል። በማይታይ ብርሃን አቧራውን ለይቶ ከምስሉ ላይ የሚያጠፋው የስካነሩ ኢንፍራሬድ ማጽጃ ለቀለም ፊልም ግሩም ነው። ለተለመደው ጥቁርና ነጭ ግን አጥፋው። ምስሉ የተሠራበት ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርድ፣ ማሽኑ ሰውየውን ራሱን አቧራ ነው ብሎ ሊያጸዳው ይነሳል!

ስላይድ (ቀለሙ ሳይገለበጥ የሚታይ ፊልም) ካለህ ሌላ ጣጣ አለው፤ ጥቁሩ በጣም ድፍን ነው። እሱን ሌላ ጊዜ።

እስቲ አንድ ፍሬም እንዲህ አድርገህ ላክልኝና አብረን እንየው። ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሚሆን በኢሜይል አትሞክረው፤ ሊንክ ላክልኝ።

ያንተው ወዳጅ