ስለ ሬድ ግሬንጅ ፎቶግራፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በስፖርት ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካን ፉትቦል አጀማመር የወጣውን ጽሑፍ በደስታ ባነበውም፣ ከዝነኛው የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ከሬድ ግሬንጅ ፎቶግራፍ ሥር የሰፈረው «በጨዋታ መሐል» የሚለው መግለጫ ትክክል አይመስለኝም። ኳሱን በብብቱ ይዞ አንድ እጁን ወደፊት ከዘረጋው ተጫዋች ዙሪያ አንድም ተጋጣሚ አይታይም፤ ከጀርባው ያለው የተመልካች መቀመጫም ባዶ ነው። ስለዚህ ፎቶው ለካሜራ ተብሎ የተነሣ ይመስለኛል።

በዘመኑ እንዲህ ማድረግ ነውር አልነበረም። የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ይይዙት በነበረው እንደ ስፒድ ግራፊክ ባለ ትልቅ ካሜራ አንድ ምስል ከተነሣ በኋላ ለቀጣዩ ሌላ ፊልም ወይም የመስታወት ሰሌዳ ማዘጋጀት ያስፈልግ ስለነበር፣ ሯጩ አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው። ስለዚህ ኮከቡን ከጨዋታው በፊት አቁሞ ማንሣት ይቀል ነበር።

ግሬንጅ እ.ኤ.አ. በ1925 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቺካጎ ቤርስ የተባለውን የፕሮፌሽናል ቡድን ሲቀላቀል፣ በአሜሪካውያን የምስጋና ቀን በዓል 36,000 ያህል ተመልካች ሪግሊ ፊልድ ስታዲየምን የሞላው፣ ባለ 77 ቁጥር ማሊያውን ልጅ አስቀድሞ በጋዜጣ ስለሚያውቀው ይመስለኛል። (ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ።) እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ባደገባት በዊተን ከተማ ትልቅ የበረዶ ግግር በትከሻው ተሸክሞ የሚታይበት ፎቶ ነው። እሱም ቢሆን ለካሜራ ተብሎ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፤ በረዶ ማደሉ ግን የዕረፍት ወራት እውነተኛ ሥራው ነበር።

መግለጫው በሚቀጥለው እትም እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ