ጉዳዩ፦ ቅድመ አያታችንን ከሞቱ በኋላ ደብዳቤ ስላጻፋችኋቸው

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የቤተሰባችንን የድሮ ደብዳቤዎች አንብባችሁ፣ በኮምፒውተር ጽፋችሁ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ የዘር ሐረጋችንን እንድትሠሩልን ከፍለናችሁ ነበር። ሥራው ደርሶናል። ወረቀቱ ያምራል፣ ጥራዙ ያምራል፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈው ስማችንም ያምራል። ውስጡ ግን ጉድ ነው።

ከዋናው ልጀምር። ቅድመ አያታችን ከአዲስ አበባ ለባለቤታቸው የጻፉት ደብዳቤ ግርጌው ላይ «ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓመተ ምሕረት» ይላል። ቁጥሩን በትክክል አንብባችኋል፤ የእርሳስ ጽሑፍ ነው፣ ደብዝዟል፣ ለዚህስ አመሰግናለሁ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩት ግን 8 ደመራችሁና ኦክቶበር 22 ቀን 1937 አላችሁት። በጥቅምት የሚደመረው 7 ነው እኮ! ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ነው፤ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ካከበሩ በኋላ ነው 8 የሚሆነው። የቪዛ ፎርም ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ትክክለኛው ኦክቶበር 22 ቀን 1936 ነው።

«የአንድ ዓመት ልዩነት ምን አላት» እንዳትሉኝ። ስልክ ያነሳችው ልጅ እንደዚያ ብላኛለች። ቅድመ አያታችን የሞቱት የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ነው። ቀኑ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው፤ እሱንማ አልሳታችሁትም፣ ለየካቲት 8 መደመር ልክ ስለሆነ። እንግዲህ በእናንተ ጥራዝ ሰውየው በፌብሩዋሪ ተገድለው፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ በቅሎዋን እንዳትሸጪ» ብለው ይጽፋሉ።

ይባስ ብላችሁ «ማብራሪያ» በሚለው ክፍል ግጭቱን አይታችሁታል። አይታችሁ ዝም ብትሉ ወይም ደውላችሁ ብትጠይቁን ጥሩ ነበር። እናንተ ግን ከጭፍጨፋው ተርፈው ወደ ጣሊያን ከተጋዙት መኳንንት አንዱ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ጻፋችሁ። ከየት አመጣችሁት? ያኔ ብዙ መኳንንት ወደ ጣሊያን መጋዛቸው፣ አዚናራ ደሴት የታሰሩ መኖራቸው እውነት ነው። የእኛ ሰው ግን መኳንንት አልነበሩም፣ ቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ ደብዳቤውም ራስጌው ላይ አዲስ አበባ መጻፉን ይናገራል። አክስቴ ይህን ስታነብ «ታዲያ በየዓመቱ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የምንቆመው ለማን ነው?» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

በጣም ያናደደኝ ደግሞ መፍትሔው እዚያው ወረቀቱ ላይ መሆኑ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ ቀጥሎ «በዘመነ ማቴዎስ» ይላል። እናንተ ይህን «ሃይማኖታዊ ሐረግ» ብላችሁ ከእንግሊዝኛው አወጣችሁት። 1929 ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉት፤ 1 ይተርፋል፣ ማቴዎስ ነው። ኦክቶበር 1937 ግን የሚውለው በእኛ 1930 ውስጥ ነው፤ 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ ነው። የሰንበት ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው! ቀለም ሲደበዝዝ፣ ፮ እና ፯ አልለይ ሲሉ፣ የድሮ ጽሑፍ አንባቢ የሚደገፈው በወንጌላዊው ነው። የእናንተ አንባቢ ግን የሚደገፍበትን ቆርጦ ጣለው።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። የአባታቸው ወንድም በፈረስ ስማቸው «አባ እገሌ» እየተባሉ ስለተጠሩ መነኩሴ አድርጋችኋቸዋል። ከታች ደግሞ ልጆቻቸውን ደርድራችኋል! አጼ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር፣ እሳቸውንም ልታመነኩሱ ነው? «የጡት ልጄ» የተባለውን ሰው በሥጋ የተወለደ አድርጋችሁ ከሐረጉ ስለከተታችሁት፣ የልጅ ልጁን ያገባው አጎቴ ሰባት ቤት ሳይቆጥር ዘመዱን ያገባ ሆኖ ቁጭ አለ። ቅድመ አያቴን ደግሞ በባላቸው አባት ስም መዘገባችኋቸው። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ በዚህ የተነሳ የሳቸው ወገን በሙሉ ከሐረጉ ጠፍቷል። ሠ እና ሰ፣ ኀ እና ሐ ያለፈቃዳችን «መታረማቸውን» እንኳ ልተወው፤ ግን እንዳለ መገልበጥ ነበር ሥራችሁ፣ እርማት አላዘዝንም።

ነገሩ እኛ ጋ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ሜሪላንድ ያሉት የአጎቴ ልጆች አማርኛ አያነቡም፤ ለነሱ ደብዳቤው ማለት የእናንተ እንግሊዝኛ ነው። ያንኑ ይዘው ኢንተርኔት ላይ ካለው የቤተሰብ ሐረጋቸው ውስጥ አስገብተውታል፣ ከዚያ ደግሞ ሌሎች ዘመዶች ገልብጠውታል።

የምፈልገው ይህ ነው። ቀኖቹ ሁሉ እንደገና ይሰሉ፣ ከጥቅምቱ ደብዳቤ ውጭ ያሉትም ጭምር፣ በመስከረምና በኅዳር የተጻፉ ስላሉ። ወንጌላዊው ወደ ቦታው ይመለስ። ያልተነበበ ቃል ካለ «አልተነበበም» ተብሎ በቅንፍ ይቀመጥ፣ በግምት አይሞላ። «ማብራሪያ» የሚለው ክፍል ይውጣ፤ ለእሱ የከፈልነው ይመለስልን። ለሜሪላንዶቹ የምንልከው፣ ስሕተታችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፉልን፣ ማኅተም ይኑረው።

ዋናዎቹን ደብዳቤዎች ግን እርማቱ እስኪያልቅ አልጠብቅም። በፎቶ አንስታችኋቸዋል፣ ከዚያ ሥሩ። ወንድሜ ሰኞ ጠዋት ይመጣል፣ የተረከባችሁበት ደረሰኝ በእጁ ነው፤ እየቆጠራችሁ አስረክቡት።